የደጅ ቋሚው ክንድ

«የኔ ልጅ ምኑ ጎደለና ነው? አፉን እንደ ገበያ በቅሎ ከፍተሽ አየሽ፤ እሺ። ብብቱን ዳበስሽ፤ እሺ። ብብቱ አነሰሽና ደሞ ወደ ታች ትወርጂ ጀመር። የግራዝማች እሸቴ ልጅ ነው እኮ። ሲያስቀድስ ከከበሮው አጠገብ የሚቆም ልጅ ነው። ኸሱ ክንድ አልወስድም የምትይ አንቺ ማን ሆነሽ ነው?»

ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው እንዲህ የሚሉት። ቃሉን ከአፍንጫ ጀምረው ጉሮሮ ላይ ነው የሚጨርሱት። «ነው» የምትለዋን ደግሞ እንደ በር ጓ ያደርጓታል። ስታነቡት እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ አለዚያ አይጥምም። በደህናው ቀን እሜቴ ትርንጎን «አንቱ» ነበር የሚሏቸው። ያን ቀን ግን አንቱታውን ከበቅሏቸው ጋር ደጅ አስረውት ገቡ።

እሜቴ ትርንጎ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀና አላሉም።

«ልጅሽ መልካም ልጅ ነው። የሱ ግን ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

«ይቅርብኝ አልኩሽ።»

ደጁ ላይ ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ተሰብስበው ጆሯቸውን ቀስረዋል። ወይዘሮ እቴነሽ ወደነሱ ዞር አሉና፣ «ገብቶኛል፤ ያንን ዘውዱን ልትወስድ ነው። የኔን ልጅ ኸዘውዱ አሳንሳ» አሉ።

እሜቴ ትርንጎ ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉት። «ዘውዱንም አልወስድም። ደጅ የሚቆም ሰው ክንድ ወስጄ አላውቅም።»

 ወይዘሮ እቴነሽ ጩኸታቸውን ተዉ። ቀጥለው ግን ቀስ ብለው፣ እንደ ማሰብም እያሉ፣ «እውነትም» አሉ። «ይኸ ልጅ ኸዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያየሁት የለም። ለምን ይሆን ደጅ የሚቆመው? ግራዝማች ይጠይቅልኛ።»

ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከመነሻው ላስይዛችሁ።

ጣልያን ደብረታቦር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ ብቅ ሲል፣ ጉና ጉሙን ደርቦ በተኛበት ሰሞን፣ ፈንጣጣ ከገሳይ የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ተነስታ ወደኛ ወደ ላይ ትወጣ ጀመር። ስሟን አንጠራም ነበር። «እንግዳዋ» ነበር የምንላት። «እንግዳዋ የት ደረሰች?» እንባባላለን። «ኸወፍጮው ማዶ ናት።» «ወንዙን ተሻገረች።» ጉሙ ውስጥ በዓይኔ ያየኋት የሚመስለኝ ቀን ነበር፤ ነጭ ለብሳ፣ ዳገቱን ሳትቸኩል እየወጣች፣ በየደጁ ቆም እያለች፣ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ በድምጣቸው እየቆጠረች። ታች ገሳይ የገባችባቸውን ቤቶች አጥፍታለች። እኛ ዘንድ ገና ሁለት ሰው ነበር የነካችው፤ የወይዘሮ እቴነሽን ልጅ ሞላንና ዘውዱን። ሁለቱንም በቀላሉ ነበር የነካቻቸው። እያንዳንዳቸው ላይ ከሃያ የማትበልጥ ፍሬ ነበር የወጣችባቸው፤ እሷም እንደ ጤዛ የጠራች።

ስሞቹን ቀይሬአለሁ። ዘውዱ ዘውዱ አይደለም። የወይዘሮ እቴነሽንም የልጃቸውንም ቀይሬአለሁ፤ የሳቸውን ግን ፈርቼ ነው።

ደብረታቦር የጣልያኑ ሐኪም የፈንጣጣ መርፌ አለው ይባል ነበር። ግን ሳይወጉ በፊት ስም ማስመዝገብ ነበረ። የአባት ስም፣ የመንደር ስም፣ ከቤት ስንት ወንድ አለ፣ የት ነው ያለ። መርፌውን የፈራ ሰው አላየሁም። መዝገቡን ነበር የፈራነው። ስለዚህ የቀሩን እሜቴ ትርንጎ ናቸው።

ሥራቸው ይህ ነው። ፈንጣጣ በቀላሉ የያዘው ሰው ይመርጣሉ፤ «ሰጪ» ይሉታል። ከሰጪው ክንድ ላይ አንዲት የጠራች ፍሬ ወግተው ውሃዋን በማር ይቀላቅላሉ፤ ጤነኛውን ልጅ ክንዱን በምላጭ ጫር ያደርጉና እሷን ይቀቡበታል። ልጁ ጥቂት ቀን ያተኩሰዋል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ይወጣበትና ይድናል። እንግዳዋ ከዚያ በኋላ በዚያ ልጅ ደጅ ብታልፍ አታውቀውም። እኔንም በልጅነቴ የከተቡኝ እሳቸው ናቸው። ትኩሳቱ ትዝ ይለኛል። ጣሪያው ቀስ ብሎ ተነስቶ ሲሄድ፣ እኔም ከመደቡ ጋር ተከትዬው ጉናን ከላይ ሳየው፣ በጎቹ ነጭ ተልባ መስለው ሲታዩኝ። ስነቃ የእሜቴ ትርንጎ እጅ ግንባሬ ላይ ነበር።

ክፋቱ ግን ውሃዋ ብቻዋን አትሄድም። ሰጪው ሌላ የተደበቀ በሽታ ካለበት አብሮ ይሻገራል። የእሜቴ ትርንጎ አክስት፣ ሙያውን ያስተማረቻቸው አበበች፣ አንድ ጊዜ ቸኩላ አሥራ አንድ ልጅ ከአንድ መንገደኛ ክንድ ከትባ ነበር። ፈንጣጣው አንዱንም አልነካ። በሁለተኛው ዓመት ግን ስድስቱ ይቆስሉ ጀመር፤ መንገደኛው ቂጥኝ ነበረበት። ከስድስቱ አንዱ ዛሬም አለ፤ አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይቀመጣል። እሜቴ ትርንጎ ባለፉ ቁጥር ጎንበስ ብለው እጅ ይነሱታል። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው የማሩን ዋንጫ የያዙ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰጪ ሲመርጡ ሙሽራ የሚመርጡ ነው የሚመስሉ። መዳፍና የውስጥ እግር ያያሉ። ድድ ያያሉ። አንገትና ጭን መጋጠሚያ ላይ ዕጢ ይፈልጋሉ። ያደረበትን ልብስ ተቀብለው ሌሊቱን ትራሳቸው ሥር ያኖሩታል፤ ጠረኑ ሕልም ካሳያቸው ሰውየውን ይተዉታል። ቀጥሎ እናቱን፣ አባቱን፣ አያቶቹን ያስጠይቃሉ። የሚያስጠይቁትም በኔ ነው።

እኔ ጌጡ ነኝ። ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ቤት የተባረርኩ። የየኔታን ሳል አስመስዬ ስስል ተይዤ ነው። መላው ጉና «ቀባጣሪ» ሲለኝ እሜቴ ትርንጎ ብቻ ናቸው ሙያ ያዩብኝ። እሄዳለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እመለሳለሁ። «ምን አሉ?» አይሉኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው «አድርገኽ አሰማኝ» ነው የሚሉኝ። የሰውየውን ድምጥ አወጣለሁ፤ ሳሉን፣ እስትንፋሱን፣ ጭምር። እሳቸውም ሳያዩት ይሰሙታል። «ይኸ ጉሮሮ ቆስሏል» ይላሉ። «ይቺ ሴት ባሏን ሸሸገች፤ ስሙ ላይ ስትደርስ ቸኮለች።» አንድ ጊዜ የአንዱን ገበሬ ሻካራ ድምጥ ባሰማኋቸው፣ «ይኸ ሰው ጣቱ ይደነዝዘዋል፤ ሂድና እሳት ዳር እንዳይቀመጥ ለቤተሰቡ ንገርልኝ» አሉ። በሦስተኛው ዓመት ሥጋ ደዌው ወጣ።

ሌላም ደንብ አላቸው፤ ከአክስታቸው የወረሱት። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ ከደጅ የሚቆም ሰው ሰጪ አይሆንም። የመኝታ ኃጢአት ያለበት ነው ደጅ የሚቆም፤ የመኝታ በሽታም ከዚያው ይመጣል። ሃያ ዓመት ይህ ደንብ አላሳሳታቸውም። ሞላ ከከበሮው አጠገብ ይቆማል፤ ዘውዱ ከደጅ። በደንቡ ከሄድን ሞላ ማለፍ ነበረበት። እሳቸው ግን ጭኑ ላይ ዕጢውን፣ ጉሮሮው ውስጥ ቁስሉን አዩ። ደብረታቦር ከወታደሮቹ ጠጅ ቤት ያመጣው መሆኑን ለእናቱ እንኳ በሰው ፊት አልተናገሩም። ዘውዱን ግን ሰውነቱን እንኳ ሳያዩ በሰው ፊት «ደጅ የሚቆም» ብለው ጣሉት።

ወይዘሮ እቴነሽ ከሄዱ በኋላ እሜቴ ትርንጎ ገብሱን መልቀም ቀጠሉ። ደጁ ላይ ያሉት እናቶች አልተነሱም። ወዴት ይሂዱ? ሠላሳ አንድ ልጅ ነው የሚጠብቀው፤ እንግዳዋ ወንዙን ተሻግራለች፤ ሁለቱም ሰጪ ወድቋል።

«ጌጡ» አሉኝ። «ሂድና መምሬ ገብረሥላሴን እይልኝ። ዘውዱ ስለምን ደጅ እንደሚቆም የሚያውቁ የንስሐ አባቱ ናቸው።»

«መምሬ መቼ ይናገራሉ?»

«ባይናገሩስ። አንተ አለመናገራቸውን አምጣልኝ።»

መምሬን ጓሯቸው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሲያርሙ አገኘኋቸው። ጉሙ ወገባቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጥምጥማቸውና ሽንኩርቱ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ይባርኩኝ መምሬ።»

«ይባርክህ። ዛሬ ደሞ ማንን ልትለቅም መጣህ?»

«ዘውዱን።»

«ዘውዱ ታሟል።»

«መታመሙንማ አውቃለሁ። ደጅ መቆሙን ነው።»

ማረሙን ተዉ። «አንተ የንስሐ ልጄ ነህ?»

«ነኝ።»

«የነገርከኝን ለማን ነገርኩብህ?»

«ለማንም።»

«ብዙ ነበር እኮ።»

«እሱስ ብዙ ነበር።»

«እንግዲያ ሂድ።»

አልሄድኩም። «ሠላሳ አንድ ልጅ አለ መምሬ» አልኳቸው። እሳቸውም ጉሙን እያዩ ብዙ ቆዩ። «ቀኑን እየቆጠረ ነው። ገና ብዙ ቀን ይቀረዋል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ባዶ እጄን የተመለስኩ መስሎኝ ነበር። እሜቴ ትርንጎ ከምሰሶው ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አድርገኽ አሰማኝ።» አሰማኋቸው። የመምሬን ወፍራም ድምጥ፣ ከ«ሂድ» በፊት የምትመጣውን ትንፋሽ፣ የመጨረሻዋን ዝምታ። ስጨርስ፣ «ቅድም ሸር ሸር የሚለው ምንድን ነው?» አሉ።

«የቱ?»

«‹ቀኑን እየቆጠረ ነው› ስትል፣ ሸር ሸር የሚል አለ።»

ሳላስበው ያደረግሁት ነው። «መዳፋቸውን ጋቢያቸው ላይ ሲጠርጉ ነዋ።»

«ጭቃ ነበረው?»

አሰብኩ። ሲያርሙ በግራ እጃቸው ነበር። የጠረጉት ቀኙን ነው። «ደረቅ ነበር» አልኩ።

«ድገመው።»

ደገምኩ። ሦስቴ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ዓይናቸውን ገለጡ።

«የመኝታ አይደለም» አሉ። «የእጅ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ። ሰው የገደለ ሰው ንስሐው ረጅም ነው፤ እስኪጨርስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። በዚያ ዓመት ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ወዲህ እኛ አገር የተገደለ ሰው አንድ ነው፤ ጣልያኖቹን መንገድ ሲመራ የነበረ ሰው፣ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ የወደቀ። ለጣልያን ያደሩት ግራዝማች እሸቴ ማን እንደገደለው ሲያፈላልጉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ከተገኘ ገሳይ ገበያ መሃል እንደሚሰቀል በነጋሪት ተነግሯል። ዘውዱ ቁጥቋጦ መስሎ ከሰው መሃል ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እንዲያየው ያደረጉ እሜቴ ትርንጎ ናቸው።

«ጣቴን የቀሰርኩበት እኔ ነኝ» አሉ። ድምጣቸው አልተለወጠም። «ግራዝማች ሳይመጣ ዘውዱ ለምን ደጅ እንደሚቆም ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል። ሰው ደጅ የሚያስቆም፣ ግን የሚያስቅ ኃጢአት ምን አለ?»

«ሆድ» አልኩ።

«ምላስህ ስንት ቀን ይፈልጋል?» አሉኝ።

«ለገሳይ ገበያ አንድ ቀን ይበቃኛል።»

ከዚያ በፊት ግን እሜቴ ትርንጎ ወደ ዘውዱ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ከመንደር ወጣ ያለች የእረኞች ጎጆ ውስጥ ብቻውን ተኝቶ ነበር። ረጅም ነው፤ እግሩ ከደጁ ወጥቶ ጉም ለብሷል። ስለ መግደል አንዲት ቃል አላነሱም። መዳፉን አዩ፣ እግሩን አዩ፣ ድዱን፣ ጭኑን፣ ሁሉንም። ሲጨርሱ፣ «ንጹሕ ነህ» አሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ አላወቅሁም።

«አሁን ስማኝ ልጄ። በሕማማት ረቡዕ በግ አርደህ ላቱን በልተሃል።»

ዞሮ አያቸው። «እኔ?»

«አንተ። መምሬም ለዚያ ነው ደጅ ያቆሙህ።»

«እሜቴ፣ ሆዳም ከምባል…»

«ከምትባል ምን?»

የሚያውቁትን ከፊታቸው አነበበ።  ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለውን ነበር የምንሰማው።

«ስንት በላሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ሙሉ ላት» አልኩ እኔ።

«ብቻዬን?»

«ብቻህን። ውሃ ሳትጠጣ።»

«እንዴ፤ ትንሽ ቀንስልኝ እንጂ።»

አልቀነስኩለትም። በማግሥቱ ገሳይ ገበያ ለአንዲት ጨው ሻጭ ብቻ ነው የነገርኳት፣ ለማንም እንዳትናገር አስምዬ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሬው ራሱ ዞሮ ወደኔ መጣ። በጉ ሙክት ሆኗል። ቅቤ ተጨምሮበታል። ዘውዱ ላቱን እየዋጠ «ይቅር በለኝ» እያለ ያለቅስ ነበር ተብሏል። ይቺን ማን እንደጨመራት ባውቅ እጁን እስመው ነበር።

መምሬ ገብረሥላሴ ጆሮ ሲደርስ አስጠሩኝ። «እውነት ነው?» አላሉኝም፤ «ውሸት ነው?»ም አላሉኝም። «ሦስት መቶ ስግደት» አሉኝ። ሰገድኩ። ከመቶው በኋላ ግን አብረውኝ ሲሰግዱ አየኋቸው።

ቅዳሜ ግራዝማች እሸቴ መጡ፤ ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከኋላ፣ መንደሩ በሙሉ ከኋላ። ከጎጆዋ ሃያ እርምጃ ርቀው ቆመው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ድምጣቸው ከነጠላው ሥር ነው የሚወጣው፣ እንዲህ እንደ ታፈነ ንብ።

«አንተ፣ ስለምንድን ነው ደጅ የምትቆም?»

ዘውዱ ብርድ ልብሱን ለብሶ ከደጁ ብቅ አለ። ፊቱ ላይ ፍሬዎቹ ያብረቀርቃሉ። አንገቱን ደፋ።

«በልቼ ነው ጌታዬ።»

«ምን በልተህ?»

«ላት።»

«መቼ?»

«በሕማማት።»

መጀመሪያ የሳቀ ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ ነው። ከዚያ ግራዝማች፣ ከነጠላው ሥር። ከዚያ ጉናው በሙሉ የሳቀ መሰለኝ፤ ሳቁ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ከማዶ ተመለሰ። ዘውዱ አንገቱን እንደደፋ ቆሟል። ከሁሉ ይበልጥ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ እንባዬ እስኪወርድ። እንባው ግን ከሳቁ እንዳልመጣ አውቅ ነበር። ግራዝማች በቅሏቸውን አዞሩ፤ ያን ጉዳይ ዳግመኛ አላነሱትም።

ሳቁ ሳይበርድ እሜቴ ትርንጎ ከሰው መሃል ወጡ። «እናንተ፣ ተሳስቼ ነበር» አሉ። «ሆዳምነት በክንድ አይተላለፍም። የምወስደው ኸዘውዱ ነው።» እናቶቹ ገና ሲያመነቱ የልጅ ልጃቸውን ማርታን ጠሯት። ሌላ ዘር የላቸውም። የአራት ዓመት ልጅ ናት። ሁሉም እያያቸው ምላጩን አወጡ፣ የዘውዱን ክንድ ያዙ፣ ከጠራችው ፍሬ ወሰዱ፣ ማሩ ውስጥ ነከሩ፣ የማርታን ክንድ ጫር አደረጉ። ማርታ አላለቀሰችም። ማሩን ልትልስ ስትል እጇን ያዙባት።

ሌሎቹ ተከተሉ።

እንደ ደንቡ የተከተቡት ልጆች ቅርፊቱ እስኪረግፍ በአንድ ጎተራ ተዘግተው ይቆያሉ፤ ሰጪውም አብሯቸው። እኔም ልጆቹን እንዳጫውት ተዘጋሁ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንደምጽፋቸው አላውቅም። ጉሙ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል፤ ቀትርና ማለዳ አይለይም። ሠላሳ አንድ ልጅ ገለባ ላይ ተኝቶ ያተኩሰዋል፤ ትንፋሻቸው ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። አንዱ በሕልሙ ይስቃል፣ ማዶ ያለው ይመልስለታል። ማርታ ስትነቃ፣ «ነጭ የለበሰች ሴትዮ መጥታ ነበር» አለችኝ። «ምን አለችሽ?» አልኳት። «ምንም። በር ላይ ቆማ ቆጠረችን። ቆጥራ ሄደች።» ከዚያ ሦስት ልጆች ተራ በተራ ያችኑ ሴት ነገሩኝ፤ አልተማከሩም። እሜቴ ትርንጎ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም ብለው አንቀላፉ።

በአምስተኛው ቀን፣ ጉሙ በቀትር ቤቱን ባጨለመው ሰዓት፣ አንድ ልጅ በትኩሳቱ «አባዬ» ብሎ ጮኸ። ልጁን አክስቱ ናት ከታች ከቆላው መንደር ያመጣችው፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅንም ነበር። ልጁ ደገመ። ከ«አባዬ» በኋላ የአባቱን ስም ጠራ። ዘውዱ ካንቀላፋበት ተፈናጥሮ ተነሳ፣ በሩን ከፍቶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

እሜቴ ትርንጎ ተከትለውት ወጡ። እኔ ከበሩ ሥር ተኝቼ ሁለቱንም ሰማኋቸው፤ ላያቸው ግን አልቻልኩም።

«የሱ ልጅ ነው» አለ ዘውዱ። «የዚያ ኸወንዙ ላይ የጣልኩት ሰው።»

«ሰማሁ።»

«የኔ ውሃ ነው ሰውነቱ ውስጥ ያለ።»

«ያንተ ነው።»

«ቢሞትስ?»

«አይሞትም። ንጹሕ ነህ ብዬሃለሁ።»

«ንጹሕ።» ሳቅ መሳይ ድምጥ አወጣ። ይህንን ድምጥ ለማንም አስመስዬ አላውቅም፤ እችላለሁ፣ ግን አላደረግሁትም።

«የምለው ሰውነትህን ነው» አሉት እሜቴ ትርንጎ። «የቀረውን መምሬ ይቁጠሩት። እኔ የማውቅ ይኸንኑ ነው። አሁን ግባ፤ ልጁ ውሃ ይፈልጋል።»

ገባ። ዋንጫውን አነሳ። ልጁን ከአንገቱ ቀና አድርጎ አጠጣው። ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ የዘውዱን ጣት ያዘ፤ እስኪመሽ አልለቀቀውም።

ሠላሳ አንዱም ዳኑ። እንግዳዋ በሐምሌ መንደራችን ገብታ የሚከፈትላት ደጅ አጥታ በገሳይ በኩል ወረደች። ሞላን እናቱ በድብቅ ደብረታቦር ሐኪሙ ዘንድ ወስደው ለቂጥኙ አስወጉት፤ እሜቴ ትርንጎ በጆሯቸው ሹክ ብለዋቸው ነው። ወይዘሮ እቴነሽ አላመሰገኑም። አንቱታውን ግን መለሱ። ዘውዱ ንስሐውን ጨርሶ ለመስቀል ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ከደጅ እስከ ውስጥ «ላቱ መጣ» እያለ ሰው አሳለፈው። ዛሬም ስሙ «ላቱ» ነው።

ጣልያን ከወጣ ሦስት ዓመት ሆነ። ይህንን የምጽፈው እሜቴ ትርንጎ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ መስመር በጻፍኩ ቁጥር ያስነብቡኛል፣ እኔም በየድምጡ አነብላቸዋለሁ። በወይዘሮ እቴነሽ ሳቁ። በመምሬ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸን ሁሉ ለምን ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«ዘውዱ አርበኛ ነው እሜቴ። ጫካ ገብቶ ያልተኮሰው ሁሉ ዛሬ ጎፈሬውን አበጥሮ ይሸለማል፤ እሱ ላቱ ተብሎ ይቅር?»

«እሱ ጠየቀህ?»

«አልጠየቀኝም።»

ውጭ ጉሙ ወርዷል። በጉሙ ውስጥ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ ዘውዱ ነው፣ ያንን ጎተራው ውስጥ ጣቱን ይዞ ያመሸውን ልጅ ከየኔታ ቤት ይዞት ሲመለስ። በየቀኑ እሱ ነው የሚያመላልሰው፤ ወንዙ ለልጅ ይከብዳል ብሎ። ልጁ ከኋላው ተፈናጦ ፊደል ይጮኻል።

«መልእክተ ዮሐንስ ጀምሯል» አሉ እሜቴ ትርንጎ። «ማንበብ ሊችል ነው።»

«የዘውዱን ስም ቀይሬአለሁ እኮ።»

«ስሙን ቀየርክ። ወንዙን ቀየርከው? ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳስ?»

 የበቅሎዋ ኮቴ ደጁ ላይ ቆመ፤ ልጁ ሲወርድ ሰማሁ፣ ዘውዱም «ቀስ» ሲለው። ብዕሬን ነክሬ የሟቹን

«በቃ ጌጡ» አሉኝ፣ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው። «አትጻፍ።»